እሳቱን ያየችው ፍራንሲስ ፐርኪንስ

አምና አንዲት እህታችን የበረንዳ መስታወት ስታጸዳ ወድቃ ወገቧ ሲሰበር፣ እኛው አዋጥተን አሳከምናት፣ እኛው ቲኬት ቆርጠን ወደ አገሯ ሸኘናት። ያን ጊዜ ሁላችንም ተጠያይቀን ነበር፤ ሥራ ላይ ለተጎዳ ሰው መክፈል ያለበት ማነው? ዛሬ የማጫውታችሁ ይህን ጥያቄ ዕድሜዋን ሙሉ ስለያዘች ሴት ነው።

ፍራንሲስ ፐርኪንስ በፈረንጆች 1880 አሜሪካ፣ ቦስተን ተወለደች። ኮሌጅ ስትማር ፋብሪካ እየዞረች የሠራተኛውን ኑሮ አየች፤ ከዚያ ወዲህ ልቧ እዚያው ቀረ።

ማርች 25 ቀን 1911፣ ቅዳሜ ነው። ኒውዮርክ ውስጥ ወዳጇ ቤት ሻይ ላይ ሳለች የእሳት አደጋ መኪና ሰምታ ሮጠች። ትራያንግል የሚባል የሴቶች ሸሚዝ ፋብሪካ እየነደደ ነው። የ9ኛው ፎቅ አንዱ በር ተቆልፏል። ልጃገረዶቹ እሳቱን ሸሽተው በመስኮት ሲዘሉ በዓይኗ አየች። 146 ሰው አለቀ። አብዛኞቹ እንደኛው ከሰው አገር እንጀራ ፍለጋ የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ።

የሚገርማችሁ፣ አሠሪ ለተጎዳ ሠራተኛ እንዲከፍል የሚያስገድደውን የኒውዮርክ ሕግ ፍርድ ቤት የሻረው ከእሳቱ አንድ ቀን በፊት ነው። ስለዚህ ለሟች ቤተሰቦች ገንዘብ ያሰባሰበው እንደኛ ያለ የሠራተኛ ማኅበርና በጎ አድራጊ ነው። ባለፋብሪካዎቹ በወንጀል ተከሰው ነፃ ወጡ።

ፍራንሲስ አልቅሳ ዝም አላለችም። መርማሪዎችን ይዛ ፋብሪካ ለፋብሪካ ዞረች፤ በር እንዳይቆለፍ፣ የእሳት መውጫ እንዲኖር የሚያዙ ሕጎች ወጡ። በ1914 ደግሞ የጉዳት ካሣ ሕጉ እንደገና ቆመ። ሠራተኛው የአሠሪውን ጥፋት ማስረዳት ሳይጠበቅበት ሕክምናውንና የደመወዙን ከፊል ያገኛል፤ ከሞተም ለሚስቱና ለልጆቹ ይከፈላል። በ1919 ይህን ካሣ በሚያስፈጽመው የመንግሥት ኮሚሽን ውስጥ እሷ ራሷ ተሾመች። ቤቷም ቀላል አልነበረም፤ ባሏ ታሞባት ቤተሰቡን የምታስተዳድረው እሷው ነበረች።

በ1933 የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስትር ሆነች፤ በዚያ አገር የመጀመሪያዋ ሴት ሚኒስትር ናት። በ1935 የጡረታና የሥራ አጥ መድን ሕግ ወጣ፤ በ1939 ለሟች ሚስትና ልጆችም ተጨመረ።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ያ ሕግ ሲወጣ የቤት ሠራተኛንና የእርሻ ሠራተኛን አላካተተም። እሷ የመራችው ኮሚቴ እንዲካተቱ ጠይቆ ነበር፤ ምክር ቤቱ ግን አስወጣቸው። የቤት ሠራተኞች በጡረታው መግባት የጀመሩት በ1950 በወጣው ማሻሻያ ነው። እኛም ዛሬ ያለነው እዚያው ጥበቃ ላይ ነው። ሊባኖስን ብታዩ፣ የ1946ቱ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን በስም ጠርቶ አስወጥቷል።

ፍራንሲስ በ1965፣ በ85 ዓመቷ አረፈች።

እህቶቼ፣ ሕግ እስኪደርስልን ድረስ ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። ውላችሁ ላይ ስለ ኢንሹራንስ የተጻፈ ካለ አስነብቡ፣ ፎቶ አንስታችሁ ለምታምኑት ሰው ላኩ። ከተጎዳችሁ ቀኑን ጻፉ፣ የሐኪም ወረቀቱን አትጣሉ። የማኅበሩን መዋጮም አታቋርጡ። ደህና ሁኑልኝ።