የዘህራዊ ቢላዋና የእኛ ምላጭ

ስለ ቀደምት ሙስሊም ሊቃውንት ሲነሳ ብዙዎቻችን ስም እንደረድራለን። ኢብን ሲና፣ አር-ራዚ፣ አዝ-ዘህራዊ እንልና በኩራት እናልፋለን። ምን እንዳስተማሩ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ዛሬ ከእነዚህ አንዱን፣ አቡል ቃሲም ኸለፍ ኢብን አል-ዐባስ አዝ-ዘህራዊን (ረሒመሁላህ) ልናነሳ ወደድን። እኚህ ሰው ከሺህ ዓመት በፊት የጻፉት ነገር ዛሬም በየመንደራችን ሕፃናትን የሚቀጥፍ አንድ ልማድን ይነካልና።

የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ936 ገደማ በአንደሉስ፣ ከቁርጡባ ወጣ ብላ በምትገኘው መዲነት አዝ-ዘህራእ ነው። ከመዲና አንሷሮች ዘር መሆናቸውን ስማቸው ይመሰክራል። ስለ ግል ኑሯቸው የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። የሚናገርላቸው 30 ክፍሎች ያሉት አት-ተስሪፍ የተሰኘው መጽሐፋቸው ነው፤ ለ50 ዓመት ያህል ካከሙ በኋላ በ1000 አካባቢ ፈጸሙት። የመጨረሻው ክፍል የቀዶ ሕክምና ሲሆን 200 ያህል መሣሪያዎች በሥዕል ሰፍረውበታል።

ይህ ክፍል የሚጀምረው በወቀሳ ነው። የሰውን አካል አሠራር ሳያውቅ ቢላዋ የሚያነሳ ሰው ነፍስ እንደሚያጠፋ ደረሶቻቸውን ሲያስጠነቅቁ በዓይናቸው ያዩትን ያወሳሉ። አንድ አላዋቂ ሐኪም በአንዲት ሴት አንገት ላይ የወጣ እብጠት ሊቀድ ገብቶ የደም ሥሮቿን በጠሰ፤ ሴትዮዋም ደሟ ፈስሶ እፊቱ ሞተች።

እሳቸው ራሳቸው ስለ አንገት ቁስል የተማሩት ከአንዲት ባሪያ ነው። ልጅቷ ጉሮሮዋን በቢላዋ ወግታ የአየር ቧንቧዋን ከፊሉን ቆረጠች። ተጠርተው ሲደርሱ አየሩ በቁስሉ በኩል ይወጣል። ዋና ዋናዎቹ የደም ሥሮች አለመነካታቸውን አረጋገጡ፤ ቁስሉን ሰፍተው እስኪድን አከሙት። ከድምፅ መጎርነን በቀር ጉዳት አልቀረባትም። ጉሮሮን መቅደድ አደገኛ አለመሆኑን ከዚህ ተረዱ። ሆኖም በአገራቸው ይህን ያደረገ ሰው አለማየታቸውን ሳይደብቁ ጽፈዋል።

የልጅቷ መዳን ቀላል ነገር አልነበረም። የአፍ ወይም የጉሮሮ ውስጠኛ ሽፋን ሲቀደድ ምራቅ ባክቴሪያዎችን ይዞ ወደ አንገት ቁስል ሊገባ ይችላል። ቁስሉ ያመረቅዛል፤ አንዳንዴም ከጉሮሮ እስከ አንገት ቆዳ ድረስ ምራቅ የሚያፈስ ቀዳዳ ይከፈታል። ስለዚህ የዛሬ ሐኪሞች ገና ቢላዋው ቆዳ ሳይነካ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይሰጣሉ። ዘህራዊ ስለ ባክቴሪያ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ነገር ግን መግል የያዘ እባጭ ሲከፈት መግሉ እንዲወርድ ቀዳዳው ወደ ታችኛው በኩል እንዲሆን አስተምረዋል። ቶንሲልም እብጠቱ ሳይረግብ እንዳይቆረጥ፣ ከተቆረጠ በኋላ በሽተኛው በቀዝቃዛ ውሃና በኮምጣጤ እንዲጉመጠመጥ፣ ደሙ እምቢ ካለም በተቀቀለ የሮማን ልጣጭ እንዲሆን አዘዋል። የሚዳሰሰውንና የማይዳሰሰውንም ለይተዋል። ለምሳሌ የቆየና የገዘፈ ካንሰርን አንድም ጊዜ አድነው እንደማያውቁ ጽፈው፣ እንዳይነካ መክረዋል። ይህን ለመጻፍ ድፍረት ይጠይቃል።

በ1013 ገደማ አረፉ፤ የተወለዱባት ከተማም በዚያው ዘመን ፍትና ፈረሰች። መጽሐፋቸው ግን በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቶሌዶ ወደ ላቲን ተተርጉሞ፣ በ1497 በቬኒስ ታትሞ፣ አውሮፓን ለዘመናት አስተማረ።

እኛስ? በአት-ተስሪፍ ውስጥ ስለ እንጥልም ምዕራፍ አለ። ዘህራዊ እንዲቆረጥ የፈቀዱት ከተፈጥሮው በላይ የረዘመው ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ንግግር ይበላሻልና። የጠቆረና የደነደነውን ግን እንዳይነኩት ከልክለዋል። በእኛ አገር ሕፃን ሲያስመልሰው ወይም ጡት አልይዝ ሲል እንጥሉ ወርዷል ተብሎ ስንት ጊዜ በምላጭ ተቆርጧል? ግግ ነው ተብሎስ የስንቱ ድድ ተፈልፍሏል? ምላጩ ከአንዱ ልጅ አፍ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ ደም የሚፈሰው፣ ቴታነስ የሚይዘው፣ መርዙ ወደ ደሙ ገብቶ የሚሞተው ሕፃን አለ። ልጁን ወደ ምላጩ የወሰደው አባት፣ ያቺን ሴት የገደላት ሐኪም የሠራውን እያሠራ ነው። የሚያስመልሰው ወይም መጥባት ያቃተው ሕፃን መታየት ያለበት በዚያው ቀን በጤና ጣቢያ ነው።