ወደ መቃብር ሊወርድ የነበረ ዕውቀት

ምህንድስና የምታጠኑ ወንድሞችና እህቶች ፓውደር ሜታለርጂን ታውቁታላችሁ፤ ብረታ ብረትን ሳያቀልጡ ከዱቄት የመሥራት ጥበብ ነው። መሠረቱን ከጣሉት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ዊልያም ሃይድ ዎላስተን ነው።

ዎላስተን በ1766 እ.ኤ.አ. ተወለደ። በካምብሪጅ ሕክምና ተምሮ ጥቂት ዓመታት ሠራበት፤ በ1800 ግን ሙያውን ትቶ ከጓደኛው ከስሚዝሰን ቴናንት ጋር ወደ ኬሚስትሪ ገባ። ሁለቱ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ብዙ ጥሬ ፕላቲነም ገዙ። ችግሩ ግን ፕላቲነም የሚቀልጠው በ1768 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ የዘመኑ ምድጃ ያን ያህል አይግልም ነበር።

ዎላስተን ሌላ መንገድ ፈለገ። ማዕድኑን በአሲድ አሟምቶ፣ ቀደምት ሙስሊም ኬሚስቶች ኑሻዲር በሚሉት ጨው አዘቀጠው። ዝቃጩ ሲሞቅ ስፖንጅ የመሰለ ፕላቲነም ቀረ። ያንን በእንጨት ሙቀጫና ዘነዘና አላመው፤ በጠንካራ ዕቃ ቢወቀጥ ቅንጣቱ ይለሰልስና እርስ በርሱ አይያያዝም። ከዚያ እርጥቡን ዱቄት በናስ ቱቦ ውስጥ በኃይል ጨመቀ፤ አድርቆም በከሰል እሳት አጋለውና በመዶሻ ቀጠቀጠው። ዱቄቱ ሳይቀልጥ አንድ ወጥ ብረት ሆነ።

በዚሁ ሥራ ላይ ሳለ ፓላዲየምንና ሮዲየምን አገኘ። የፕላቲነም ዕቃ በመሸጥም ሀብታም ሆነ። ዘዴውን ግን ከሃያ ዓመት በላይ ደብቆ ያዘው።

በ1828 በጭንቅላት ዕጢ ታመመ። ሞት መቅረቡን ሲያውቅ ምስጢሩን በዝርዝር ጻፈ፤ ጽሑፉም በኖቬምበር ወር ለንደን በሚገኘው ሮያል ሶሳይቲ ተነበበ። በቀጣዩ ወር፣ ዲሴምበር 22፣ አረፈ።

ዛሬ ተመራማሪዎች አሉሚኒየምን ሲያጠነክሩ በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። የአሉሚኒየም ዱቄት ሲሊከን ካርባይድን ከመሰሉ የሴራሚክ ናኖ ቅንጣቶች ጋር በወፍጮ ይደባለቃል፤ ይጨመቃል፤ ከዚያም ከመቅለጫው ከ660 ዲግሪ በታች ይሞቃል። ቅንጣቶቹ በቀለጠ አሉሚኒየም ውስጥ ቢጨመሩ በቀላሉ ይጓጉላሉ፤ ከዱቄት ጋር ሲፈጩ ግን የተሻለ ይሠራጫሉ። በየቦታው የተበተኑት ቅንጣቶችም የብረቱ አተሞች በቀላሉ እንዳይንሸራተቱ ያግዳሉ፤ ጥንካሬው የሚመጣው ከዚህ ነው።

ወንድሞችና እህቶች! ዕውቀት አማና ነው። ዎላስተን የያዘውን ለማስረከብ የመጨረሻዎቹ ሳምንታት በቁት። እኛ ስንት ሳምንት እንደቀረን የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው። ፈተና ሲደርስ ማስታወሻችንን ከክፍል ጓደኛችን አንደብቅ፤ የገባንን ላልገባው እናስረዳ። አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቀን፤ አሚን።