ከስቶክሆልም አዲስ አበባ በ31 ሰዓት

ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ ወይም ከሾኔ ተነሥተን ለትምህርት የመጣን ተማሪዎች፣ አገራችን ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል ተብለን ብንጠየቅ የምንመልሰው በሰዓት ነው። ከሆሳዕና እስከ አዲስ አበባ ያለው የመኪና መንገድ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የሚፈጀውን ጊዜ የሚያውቁት መንገዱና መኪናው ናቸው። ስለዚህ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከርቀት ጋር ሲታገሉ የኖሩትን የአንድ አይሮፕላን ነጂ ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን።

ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን ነሐሴ 13 ቀን 1901 ዓ.ም. በስዊድን አገር ከመኳንንት ወገን ተወለዱ። በወጣትነታቸው አይሮፕላን መንዳት ተማሩ። ፋሽስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ፣ በ1928 ዓ.ም.፣ በቀይ መስቀል አይሮፕላን ቁስለኞችን ያመላልሱ ነበር። ከድል በኋላም ተመልሰው መጥተው፣ ከ1938 ዓ.ም. አንሥቶ ለ10 ዓመት ያህል የአየር ኃይላችንን በማደራጀትና ወጣቶቻችንን በማሠልጠን አገለገሉ።

ስማቸውን በዓለም ያስጠራው በረራ የተፈጸመው በግንቦት ወር 1939 ዓ.ም. ነው። ሳፊር በምትባል ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አይሮፕላን ከስቶክሆልም ተነሥተው፣ የትም ሳያርፉ አዲስ አበባ ገቡ። የበረሩት 6,220 ኪሎ ሜትር፣ የፈጀባቸውም ጊዜ 30 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ነበር። ሒሳቡን ብናሰላው በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በዚህ ፍጥነት ከሆሳዕና አዲስ አበባ በቀጥታ ቢበሩ አንድ ሰዓት ያህል ይበቃ ነበር። የዛሬው ጄት ደግሞ የስቶክሆልምን መንገድ በ8 ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል።

የቮን ሮዘን ሥራ ሁሉ የምሕረት ሥራ ነበር ማለታችን አይደለም። በ1932 ዓ.ም. ለፊንላንድ ተሰልፈው ቦምብ ጥለዋል። በ1961 ዓ.ም.ም በናይጄሪያ የእርስ በርስ ጦርነት ከቢያፍራ ጋር ቆመው፣ በጥቃቅን አይሮፕላኖች ላይ ሮኬት አስገጥመው አየር ማረፊያዎችን መትተዋል። በ1960ዎቹ አጋማሽ በአገራችን ረኃብ በጸና ጊዜ ግን፣ መሰል ጥቃቅን አይሮፕላኖችን በሮኬት ፈንታ እህል አሸክመው መጡ። መኪና ወደማይደርስባቸው መንደሮች ዝቅ ብለው እየበረሩ የእህሉን ከረጢት ይጥሉ ነበር።

በእርዳታው ሥራ ላይ እንዳሉ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. በጎዴ ከተማ የሶማሊያ ጦር በጣለው አደጋ ተገደሉ። ዕድሜያቸው 67 ዓመት ነበር።

ከዚህ ሰው ሕይወት የምንማረው አንድ ነገር አለ። ከስቶክሆልም አዲስ አበባ ያለው ርቀት በ31 ሰዓት ተሸነፈ። ያ ከሆነ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ግን፣ ከመኪናው መንገድ ጫፍ እስከ ተራበው ሰው ደጅ ያለችው ጥቂት ኪሎ ሜትር ገና አልተሸነፈችም ነበር። በሐዲያና በከምባታ ገጠር በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክሞ አስፋልት የወጣ ሰው ይህችን ርቀት ያውቃታል። ነገ መሐንዲስ፣ ሐኪም ወይም አስተዳዳሪ ሆነን ስንመለስ፣ የሥራችን መለኪያ ይህችው ርቀት ትሁን እንላለን።