ድል ሳያዩ ተስፋን ያጸኑ አባት፦ ሰማዕቱ አቡነ ጴጥሮስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የሃብተ ጊዮርጊስን ድልድይ ተሻግረን ወደ አራዳ ስንወጣ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስን ደጅ ከመሳለማችን በፊት በአደባባዩ ላይ አንድ አባት ቆመው እናገኛለን። ድልድዩ ስሙን የወረሰው የጦር ሚኒስትር ከነበሩትና በ1919 ዓ.ም. ካረፉት ከፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ነው። አደባባዩ ደግሞ ስሙን የወረሰው ጋሻና ጦር ሳይዙ ከተዋጉት አባት፣ ከሰማዕቱ ከብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ነው።

በዚህ መንገድ የሚመላለሰው ምእመን ሁሉ የየራሱን ሸክም ይዞ ያልፋል። አንዱ የታመመ ልጁን አስተኝቶ መጥቷል፤ ሌላው ሥራ ፈትቶ ወራት ቆጥሯል፤ በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ ሠፈሩ ተነሥቶ ሩቅ የሄደው ደግሞ የለመደውን ደጅ ለመሳለም በጠዋት ተሳፍሮ ይመጣል። ብዙዎቻችን በልባችን የምንሸከመው ጥያቄ አንድ ነው፤ ጸሎታችን እንደለመንነው ሳይመለስ ሲቀር ምን ብለን እናመስግን? የእኒህ አባት ሕይወት ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ስላለ ዛሬ ልናስታውሳቸው ወደድን።

ብፁዕነታቸው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጨረሻ አሥርተ ዓመታት በሰላሌ ፍቼ አካባቢ ተወለዱ። የቀድሞ ስማቸው ኃይለ ማርያም ነበር። የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ተምረው በደብረ ሊባኖስ ገዳም መነኰሱ፤ በመምህርነትም አገለገሉ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት መነኵሴ ሲመነኵስ ጸሎተ ፍትሐት ይደረስለታል፤ ለዓለም ሙት ነውና። ስለዚህ መምህር ኃይለ ማርያም ገና በገዳማቸው ሳሉ የሞታቸው ጸሎት ተደርሶላቸው ነበር። ይህን ማስተዋል በኋላ የሆነውን ለመረዳት ይጠቅመናል።

ኢትዮጵያ ለብዙ ዘመናት ጳጳሷን ከግብፅ ስታስመጣ ኖራ በ1921 ዓ.ም. አራት ልጆቿ በእስክንድርያው ፓትርያርክ እጅ ለኤጲስ ቆጶስነት ተሾሙ። እነርሱም አቡነ አብርሃም፣ አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ይስሐቅ ናቸው። አባታችን በሐዋርያው በቅዱስ ጴጥሮስ ስም ተጠሩ። ያ ሐዋርያ በፍርሃት ጌታውን ክዶ በንስሐ የተመለሰ፣ በመጨረሻም ስለ ጌታው የተሰቀለ ነው። ስሙን መሸከም ቀላል አልነበረም።

ከሹመቱ ሰባት ዓመት ሳይሞላ መከራ መጣ። የፋሺስት ኢጣሊያ ሠራዊት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በክረምቱ ወራት የሰላሌና የአካባቢው አርበኞች በእነ ደጃዝማች አበራ ካሣ መሪነት ከተማዋን ለማስለቀቅ ተነሡ፤ አቡነ ጴጥሮስም ከእነርሱ ጋር ሆኑ። ሐምሌ 21 ቀን ውጊያው ተከፈተ። ነገር ግን ዝናቡና የሞሉት ወንዞች መንገድ ዘጉ፤ በየአቅጣጫው የሚመጡት ጦሮች በአንድ ጊዜ መገናኘት አልቻሉም። ጥቃቱ ከሸፈ፤ አባታችንም በጠላት እጅ ወደቁ።

በዚያች ሰዓት ሁኔታቸውን በሥጋዊ ዓይን ብንመለከተው አንዳች ተስፋ አይታይበትም። የታሰበው አልተሳካም፤ አርበኞቹ ተበትነዋል፤ ንጉሠ ነገሥቱ በስደት ናቸው። ጠላት የጠየቃቸው ለእርሱ እንዲገዙና አርበኞቹን እንዲያወግዙ ነበር። እርሳቸው ግን እንቢ አሉ። ሕዝቡ ለወራሪው እንዳይገዛ ገዘቱ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ዕለቱ ረቡዕ ነበር፣ በሕዝብ ፊት በጥይት ተደብድበው ሰማዕትነትን ተቀበሉ። የሐዋርያት የቅዱስ ጴጥሮስና የቅዱስ ጳውሎስ በዓል ከተከበረ ገና 17 ቀን ነበር።

ይህ ጽናት በአንዲት ሌሊት የተገኘ አይደለም። ካህን ሊቀድስ ሲቆም ጸሎተ አኰቴትን ያደርሳል፤ ይህም የምስጋና ጸሎት ነው። በጥጋብ ዘመንም በረኃብ ዘመንም፣ በሰላምም በጦርነትም ይደርሳል። ቤተ ክርስቲያን ምስጋናን በደስታ ቀን ብቻ አላስተማረችንም፤ በየቀኑ አስለመደችን እንጂ። ሠለስቱ ደቂቅ በእሳቱ መካከል ያመሰገኑት፣ ጳውሎስና ሲላስም እግራቸው በግንድ ተጣብቆ በሌሊት የዘመሩት አስቀድሞ በልባቸው የተከማቸ ምስጋና ስለነበራቸው ነው። አባታችንም በዕለተ ፈተና ያወጡት በገዳሙ ያከማቹትን ነው። አስቀድመው ለዓለም ሞተዋልና ዓለም በሞት ሊያስፈራራቸው አልቻለም።

ከእርሳቸውም በኋላ መከራው አላቆመም። አቡነ ሚካኤል ከጥቂት ወራት በኋላ በጎሬ ተገደሉ። በ1929 ዓ.ም. የካቲት የአዲስ አበባ ሕዝብ ተጨፈጨፈ፤ በዚያው ዓመት ግንቦትም አባታችን የመነኰሱበት የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት በጅምላ ተረሸኑ። ጠላት በገባ ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ነጻነት ተመለሰ። አቡነ ጴጥሮስ ግን ያችን ቀን በዓይነ ሥጋ አላዩም።

ወገኖቻችን ሆይ፣ ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው። እኛ ብዙ ጊዜ ተስፋ የምንለው ነገር እንደምንሻው ይሆናል ብሎ መጠበቅን ነው፤ ያ ካልሆነ ምስጋናችንም አብሮ ይቋረጣል። የክርስቲያን ተስፋ ግን የተመሠረተው በነገሩ ፍጻሜ ላይ አይደለም፤ ሞቶ በተነሣው በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ላይ እንጂ። ስለዚህ ጥቃቱ ቢከሽፍ፣ በሽታው ቢበረታ፣ ቤት ቢፈርስ ተስፋው አይፈርስም። ይህን ስንል ኀዘን ኀጢአት ነው ማለታችን አይደለም፤ ጌታችንም በአልዓዛር መቃብር ፊት አልቅሷል። ማልቀስና ማመስገን በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።

የአባታችን ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለባቡር መሥመር ሥራ ከስፍራው ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ተመልሶ ቆሟል። ድንጋይ ይነሣል፣ ይተከላል፤ ሠፈርም ይለወጣል። የሰማዕቱ መታሰቢያ ግን በየዓመቱ ሐምሌ 22 ቀን ይታሰባል። እንግዲህ ድልድዩን ተሻግረን ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ስንወጣ ሸክማችንን ይዘን ጥቂት እንቁም፤ ያልተመለሰልንን ልመና ሳንረሳ ስለተሰጠን ሁሉ እናመስግን። ዛሬ የምናከማቸው ምስጋና በፈተናችን ቀን ስንቅ ይሆነናል።

የሰማዕቱ የአባታችን የአቡነ ጴጥሮስ በረከት ይደርብን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።