በረዶ የሠራው ሐኪም፤ የዶክተር ጆን ጎሪ አጭር የሕይወት ታሪክ

ማቀዝቀዣ ከፍተን ቀዝቃዛ ውሃ እንጠጣና በሩን መልሰን እንዘጋለን። ይህን ነገር ቀድሞ ማን አሰበው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ከቀደምቶቹ አንዱ ዶክተር ጆን ጎሪ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጎሪ በ1803 ተወለደ። ሕክምና ተምሮ በ1833 ፍሎሪዳ ውስጥ አፓላቺኮላ በምትባል የወደብ ከተማ ተቀመጠ። ከተማይቱ ጥጥ በመርከብ የሚጫንባት፣ ሙቀት የበዛባትና ረግረጋማ ነበረች። ጎሪ ከሕክምናው ሌላ በ1837 ከንቲባም ሆኗል።

በሙቀቱ ወራት ወባና ቢጫ ወባ ሕዝቡን ይፈጁት ነበር። የዚያን ጊዜ ሐኪሞች በሽታው ከረግረግ በሚነሣ መጥፎ አየር ይመጣል ብለው ያምኑ ነበር፤ ጎሪም እንደዚያው። ስለዚህ ረግረጉ እንዲደርቅ መከረ። የበሽተኞቹንም ክፍል ለማቀዝቀዝ በዕቃ በረዶ አድርጎ ከጣራው ሥር ሰቀለ። ቀዝቃዛ አየር ስለሚከብድ ቁልቁል ወርዶ በሽተኛውን ያበርደዋል።

ችግሩ በረዶው ከየት ይምጣ ነው። በሰሜን አገር ከሐይቅ ላይ ተቆርጦ፣ በሰጋቱራ ተሸፍኖ በመርከብ ይመጣል። መርከቡ ከዘገየ የለም፤ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። ታዲያ ጎሪ በረዶውን እዚያው ለመሥራት ተነሣ። በ1844 ሐሳቡን በከተማው ጋዜጣ ላይ በብዕር ስም ጻፈ፤ ቀጥሎም የሕክምና ሥራውን ተወና ሙሉ ጊዜውን ለመኪናው ሰጠ።

አሠራሩ ለክፍል ትምህርት የሚመች ነው። የብስክሌት ጎማ ስንነፋ የመንፊያው ጫፍ ይግላል፤ አየር ሲታመቅ ይሞቃልና። ጎማውን ስናስተነፍስ ደግሞ የሚወጣው አየር ቀዝቃዛ ነው። ጎሪም ይኸንኑ አደረገ። አየሩን በፒስተን አመቀ፣ ሙቀቱን በውሃ ወሰደ፣ ከዚያ እንዲለጠጥ ለቀቀው። የተለጠጠው አየር ውሃውን በረዶ አደረገው። አየሩ ሲለጠጥ የሚሰጠውን ጉልበትም አልጣለውም፤ መልሶ ማመቂያውን እንዲያግዝ አዋለው። በ1851 ቁጥር 8080 የሆነውን የፈጠራ መብት አገኘ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተበላሸ። ገንዘብ የሚያወጣለት ሸሪኩ ሞተ። በረዶ የመሥራት ሥልጣን የእግዜር ነው እያሉ በጋዜጣ የቀለዱበትም ነበሩ። ረዳት ፍለጋ ዞሮ ዞሮ ባዶ እጁን ተመለሰ፤ በ1855ም መኪናው ገበያ ላይ ሳይውል ሞተ። በ1914 ግን ሐውልቱ ዋሽንግተን በሚገኘው የምክር ቤት ሕንፃ ውስጥ ቆመለት።

ጎሪ ስለ በሽታው ተሳስቶ ነበር። ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗ የተረጋገጠው በ1897 ነው። ሆኖም ረግረጉ ይድረቅ ያለው ትክክል ነበር፤ ትንኝ የምትራባው እዚያ ነውና።

ዛሬስ ምን ይጠቅመናል? ከ1930ዎቹ ጀምሮ በማቀዝቀዣዎች ውስጥ የገቡት ክሎሮፍሎሮካርቦኖች ኦዞንን ስለሚጎዱ በ1987 በሞንትሪያል እንዲቀነሱ ስምምነት ተደረገ። ከተተኩት ጋዞች አንዳንዶቹ ደግሞ ምድርን በማሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከሺህ ጊዜ በላይ ያጥፋሉ፤ እነሱንም ለመቀነስ በ2016 በኪጋሊ ተስማሙ። የጎሪ አየር ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። በብዙ አውሮፕላኖች ውስጥ መንገደኛውን የሚያቀዘቅዘው አሁንም አየሩ ራሱ ነው። ለቤት ማቀዝቀዣ ግን አየር ብዙ ኤሌክትሪክ ያስፈጃል፤ ኤሌክትሪኩ ከድንጋይ ከሰል የመጣ እንደሆነ በዚህ በኩል ያዳንነው ካርቦን በዚያ በኩል ይመለሳል።

ከጣራ ሥር የተሰቀለው በረዶም ቢሆን ከንቱ አልቀረም። አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ 334 ኪሎጁል ሙቀት ይወስዳል። ስለዚህ በአንዳንድ ትልልቅ ሕንፃዎች ሌሊት ኤሌክትሪክ ሲተርፍ በረዶ ይሠራል፤ ቀን ሲቀልጥ ሕንፃውን ያቀዘቅዛል። በረዶው የጉልበት ጎተራ ሆነ ማለት ነው።

እኛ እጩ መምህራን ነገ ቆላም ደጋም እንመደባለን። አንድ ተማሪ ተሳስቶ ሲመልስ በቀይ እስክሪብቶ ከመሰረዛችን በፊት ጎሪን እናስታውስ፤ በተሳሳተው መልስ ውስጥ ትክክለኛ ነገር ይኖር ይሆናል። የብስክሌት መንፊያ ያላችሁም ለሚቀጥለው የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ይዛችሁ ኑ፤ በእጃችን ዳስሰን እናየዋለን።

ከእጩ መምህራን አንዱ