ሰዓት ሳይሠራ በሰዓት ስሙ የቀረ ሰው

ስልክ ሰዓት መንገር ከጀመረ ወዲህ የእጅ ሰዓት ራሱ ጌጥ ሆኗል። በሰንሰለት ታስሮ ኪስ የሚገባውማ ከድሮ ፎቶ በቀር የት ይታያል? ሆኖም እነዚህን የኪስ ሰዓቶች፣ በተለይ የድሮ ባቡር ሠራተኞች ይይዟቸው የነበሩትን፣ እያሳደዱ የሚሰበስቡ ሰዎች በየአገሩ አሉ። እኔም ማታ ማታ ቪዲዮዎቻቸውን ማየት ሱስ ሆኖብኛል። አብዝተው ከሚፈልጓቸው ስሞች አንዱ ቦል ነው። የሚገርመው ግን ቦል የራሱ የሰዓት ፋብሪካ አልነበረውም። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው እዚህ ጋ ጆሮው ይቆማል፤ ሰውየው ታዲያ ምን ነበር የሚሸጠው?

ዌብ ቦል በ1840ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ፍሬድሪክታውን አጠገብ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። እርሻው አልሳበውም። ገና በወጣትነቱ አንድ ጌጣጌጥና ሰዓት ሠሪ ዘንድ ገብቶ ሙያውን ተማረ። በ1879 ወደ ክሊቭላንድ መጣና ብዙም ሳይቆይ የራሱን ሱቅ ያዘ።

በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ከተማ የየራሱ ሰዓት ነበረው። ፀሐይ አናቱ ላይ ስትደርስ ቀትር ሆነ ይላል፤ ጎረቤቱ ከተማ ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ይቀረዋል። በ1883 የባቡር ድርጅቶቹ ተስማምተው አንድ ወጥ ሰዓት አወጡ። ቦልም ከዋሽንግተን በቴሌግራፍ የሚላከውን ትክክለኛ ሰዓት ሱቁ ውስጥ አስገባ። በክሊቭላንድ ሰዓቱን ማስተካከል የፈለገ ሰው ወደ እሱ ጎራ ማለት ጀመረ።

የሚቀጥለው ነገር እንዲገባን ስለ ሐዲድ ትንሽ እናውራ። እኔ ያደግሁት አዘና ነው፤ አዊ ዞን ባቡር የለም። እኛ ጋ መኪና የሚነሳው ሰዓቱ ሲደርስ ሳይሆን ሰው ሲሞላ ነው። ሁለት መኪኖች ፊት ለፊት ቢገናኙ አንዱ ጠርዝ ይዞ ያሳልፋል። ነጠላ ሐዲድ ላይ ግን ጠርዝ የሚባል ነገር የለም። በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የእኛው 784 ኪሎ ሜትር ያህል መስመርም ነጠላ ሐዲድ ነበር። በእንዲህ ያለ መስመር ባቡሮች የሚተላለፉት መተላለፊያ ሐዲድ ባለበት ጣቢያ ነው፤ አንዱ ዳር ገብቶ ይጠብቃል፣ ሌላው ያልፋል። በቦል ዘመን አሜሪካ ውስጥ ይህን ሁሉ የሚያስኬደው የጊዜ ሰሌዳውና ሠራተኛው ኪስ ውስጥ ያለችው ሰዓት ነበሩ።

በኤፕሪል 1891 ከክሊቭላንድ በስተምዕራብ ኪፕተን በምትባል ትንሽ ጣቢያ ሰዓቷ ከዳች። የመንገደኞቹ ባቡር ዳር ይዞ ፈጣኑን የፖስታ ባቡር እንዲያሳልፍ ታዞ ነበር። ከምርመራው በኋላ እንደተነገረው ግን የነጂው ሰዓት ለአራት ደቂቃ ቆማ እንደገና መሄድ ጀምራለች። ነጂው ገና ጊዜ ያለው መስሎታል። ሁለቱ ባቡሮች ተጋጩ። ሁለቱም ነጂዎች፣ ከእነሱም ጋር ባቡሩ ውስጥ ደብዳቤ ሲለዩ የነበሩ የፖስታ ሠራተኞች ሞቱ።

የባቡር ድርጅቱ በዚያው ዓመት ቦልን የሰዓት ተቆጣጣሪ አድርጎ ሾመው። እየጠነከረ የሄደው መስፈርት ቀላል አልነበረም። ሰዓቱ በሳምንት ከ30 ሰከንድ በላይ መዛነፍ የለበትም። በ5 አቅጣጫ ተገልብጦና ተጋድሞ፣ በብርድም በሙቀትም ይፈተናል። በውስጡ ቢያንስ 17 የከበሩ ድንጋዮች፣ ገጹ ላይ ደግሞ ከሩቅ የሚነበቡ ደማቅ ቁጥሮች ይኖሩታል። ሠራተኛው በየሁለት ሳምንቱ ሰዓቱን ለተቆጣጣሪ ያሳያል፤ ልዩነቱ ካርድ ላይ ይመዘገብለታል። አሠራሩ ቀስ በቀስ አብዛኛውን የአሜሪካ ባቡር መስመር አዳረሰ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ አለ። ሰዓቱን የሚገዛው ድርጅቱ ሳይሆን ሠራተኛው በገዛ ደመወዙ ነበር፤ ዋጋውም ለወዛደር ቀላል አልነበረም። መስፈርት አውጪው ቦል ደግሞ ራሱ ሰዓት ነጋዴ ነው! ዛሬ ብንሆን የጥቅም ግጭት እንለዋለን፤ እኔም እንደዚያው ነው የማየው። መስፈርቱን ያሟላ የሌላ ፋብሪካ ሰዓትም ተቀባይነት ስለነበረው ሠራተኛው የግድ የቦልን ግዛ አልተባለም። ቢሆንም ፈታኙ የሚሸጠውን ዕቃ ትተህ የሌላ መግዛት ምን ያህል ይደፈራል?

ቦል እነዋልታምና ሐሚልተን ከመሰሉ ፋብሪካዎች ሰዓት ያዛል፣ በራሱ መስፈርት ያስተካክላል፣ ስሙን ያሳርፍበታል። አንዳንዶቹን የባቡር ሠራተኞች ማኅበራትን ስም ገጻቸው ላይ አስጽፎ ሸጧል። ዛሬ ሰብሳቢዎች አጥብቀው ከሚሹት ውስጥ እነዚህ ይገኙበታል።

ሰብሳቢ ሰዓት ሲገዛ መጀመሪያ ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን ያያል። እዚያ ያለው ተከታታይ ቁጥር የተሠራበትን ዘመን ይጠቁማል። ቀጥሎ ጠቋሚዎቹ የሚስተካከሉት እንዴት እንደሆነ ይፈትሻል። ብዙዎቹ የባቡር ሰዓቶች የፊት መስታወታቸው ተፈትቶ የተደበቀች ትንሽ ዘንግ ካልተሳበች በቀር አይነኩም፤ ነጂው ሲሞላት በስህተት ሰዓት እንዳይቀይር ነው። ላዩ ላይ የባቡር ሥዕል ስላለ ብቻ የባቡር ሰዓት አይሆንም። ያኔም ገበያው ሲደራ ባቡር ስለውበት፣ ታዋቂ የሚመስል ስም ለጥፈውበት ተራ ሰዓት የሚሸጡ ነበሩ።

ቦል በ1922 ክሊቭላንድ ውስጥ አረፈ። ስሙ ዛሬ ስዊዘርላንድ በሚሠሩ የእጅ ሰዓቶች ላይ ይገኛል። የመነሻ ጥያቄዬም መልስ ያገኘ ይመስለኛል። ሰውየው የሸጠው ምርመራን ነው፤ ይህን ሰዓት የሚያውቅ ሰው ከፍቶ አይቶታል የሚል እምነት። እኛም ያገለገለ ስልክ ስንገዛ የሚያስጨንቀን ይኸው ነው፤ ከውጭ ሁሉም ያብረቀርቃል። ከፍቶ አይቶ በስሙ የሚፈርምልን ሰው ብናገኝ ጥቂት ብር ብንጨምርለት አይቆጨንም።