ሃንስ ክርስቲያን ግራም፦ የባክቴሪያን ውጫዊ ሽፋን ሳያየው የለየ ሐኪም

የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ከተጠረጠረበት ታካሚ የተወሰደ ናሙና ቀለም ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ሮዝማ ቀለም የያዘ ዘንግ መሰል ባክቴሪያ ነው። ውጤቱም ግራም ኔጋቲቭ ተብሎ ይመዘገባል። በዚህ ስያሜ ውስጥ የሰው ስም እንዳለ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የሰውየውን ሕይወት በመቃኘት፣ እርሱ እንደ ጉድለት የቆጠረው ክስተት ዛሬ የምናጠናው የውጫዊ ሽፋን የመጀመሪያ ምልክት እንደነበር ለማሳየት ይሞክራል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግራም መስከረም 13 ቀን 1853 በኮፐንሃገን ተወለደ። አባቱ የሕግ ፕሮፌሰር ነበሩ። በወጣትነቱ በዕፅዋት ጥናት ረዳትነት ሠርቷል፤ ከማይክሮስኮፕና ከመድኃኒት ሳይንስ ጋር የተዋወቀውም በዚሁ ሥራ ነው። በ1878 የሕክምና ትምህርቱን ካጠናቀቀ በኋላ የቀይ የደም ሕዋሳትን ብዛትና መጠን አጠና፤ ቀጥሎም ለተጨማሪ ጥናት ወደ ውጭ አገር ተጓዘ።

በበርሊን ከካርል ፍሪድሌንደር ጋር ሲሠራ የገጠመው ችግር ተግባራዊ ነበር። በሳንባ ምች የሞቱ ሰዎች የሳንባ ሕብረ ሕዋስ ሲቀለም ባክቴሪያውም ሕብረ ሕዋሱም አንድ ዓይነት ቀለም ስለሚይዙ ለመለየት ያስቸግር ነበር። ግራም ናሙናውን በጄንሽን ቫዮሌት ቀልሞ፣ አዮዲን ጨምሮ፣ በአልኮል ሲያጥበው ሕብረ ሕዋሱ ቀለሙን ሲለቅ ባክቴሪያው ይዞ ቀረ። ዘዴውን በ1884 አሳተመ። ሆኖም የታይፎይድ ባክቴሪያን ጨምሮ አንዳንዶቹ ቀለሙን ለቀቁ። ዓላማው ባክቴሪያን ሁሉ ማሳየት ስለነበር፣ ዘዴው ገና ፍጹም እንዳልሆነ ራሱ በጽሑፉ አምኖ ሌሎች እንዲያሻሽሉት ተወው። ቀለም የለቀቁትን በቀይ የሚያሳየው ሳፍራኒን የተጨመረው በኋላ በሌሎች እጅ ነው።

በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ገና አልተቆረቆረችም፤ የንጉሥ ምኒልክ መቀመጫም በእንጦጦ ላይ ነበር። ዛሬ ከእንጦጦ ግርጌ እስከ ካራ በተዘረጋው የከተማችን ክፍል ለሚሠራ የላቦራቶሪ ባለሙያ የግራም ዘዴ የተለመደ ሥራ ነው።

ግራም ቀለሙ ለምን እንደሚለቅ አላወቀም። መልሱ የተገኘው የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕና የባዮኬሚስትሪ ጥናት የሕዋስ ግድግዳን አወቃቀር ከገለጡ በኋላ ነው። ግራም ኔጋቲቭ ባክቴሪያ ስስ የፔፕቲዶግላይካን ንብርብር፣ ከዚያም በላይ ሌላ የስብ ሽፋን አለው። አልኮል ይህን ውጫዊ ሽፋን ሲያፈርሰው ስሱ ንብርብር ቀለሙን ይዞ ማቆየት ያቅተዋል።

የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንን በብዛት የሚያስከትለው ኢ. ኮላይ ከአካባቢው ጋር የሚገናኘው በዚሁ ሽፋን ላይ ባሉ ፕሮቲኖች ነው። ኦምፕ-ኤፍ እና ኦምፕ-ሲ የተባሉት ፖሪኖች ንጥረ ምግብንና ብዙ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶችን የሚያስገቡ በሮች ናቸው። ሌሎች ፕሮቲኖች ብረት በሚያንስበት ሽንት ውስጥ ብረትን ይሻማሉ። እንደ ቫንኮማይሲን ያለ ትልቅ ሞለኪውል በፖሪን ማለፍ አይችልም። ባክቴሪያው ፖሪኖቹን ሲቀንስ ደግሞ፣ በተለይ መድኃኒት አፍራሽ ኢንዛይም ካለው፣ ሌሎች መድኃኒቶችም ኃይላቸውን ያጣሉ። ስለዚህ በአልኮል ከሚገባው በላይ የታጠበ ስላይድ የቀለም ስሕተት ብቻ አይደለም፤ ሐኪሙን ወደማይሠራ መድኃኒት ሊመራው ይችላል።

ግራም ወደ አገሩ ተመልሶ በ1891 በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ የፋርማኮሎጂ፣ በ1900 ደግሞ የሕክምና ፕሮፌሰር ሆነ። የዴንማርክን የመድኃኒት መድብል የሚያዘጋጀውን ኮሚሽን በሊቀመንበርነት መርቷል። በ1923 ጡረታ ወጥቶ ኅዳር 14 ቀን 1938 በ85 ዓመቱ አረፈ። የቀሪ ዕድሜው ሥራ ሕክምናና መድኃኒት ነበር፤ ስሙን ያቆየው ግን የወጣትነት ሥራው ነው።

ለእኛ ለተመራማሪዎች የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው። ግራም ቀለም የለቀቁትን ባክቴሪያዎች ከውጤቱ ቢያስቀር ኖሮ ዘዴው የተሟላ ይመስል ነበር፤ ሁለቱን የባክቴሪያ ወገኖች የሚለየው ድንበር ግን ተሰውሮ ይቆይ ነበር። ያልሠራውንም መዝግቦ በማሳተሙ፣ ሊያብራራው ላልቻለው ነገር መልስ የሚፈልጉ ሌሎች መነሻ አገኙ።